ማሳከክና የኩላሊት እጥበት ሰዓት
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ጉባዔያችን ላይ ስለ ጤና አንድ ሰው ንግግር ያድርግ በተባለ ጊዜ ኮሚቴው እኔን መምረጡ ብዙዎቻችሁን ሳያስገርም አልቀረም። ሐኪም አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ዕድሜዬን የጨረስኩት በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት፣ ፋይል በማውጣትና በመመለስ ነው። ነገር ግን ታናሽ ወንድሜ ኩላሊቱን ታሞ የደም እጥበት ከጀመረ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። እኔም ጡረተኛ እንደ መሆኔ መጠን አስታማሚው ሆኜ አብሬው እመላለሳለሁ። እጥበቱ ከሚካሄድበት ክፍል ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያልጠየቅኋት ነርስ የለችም ማለት ይቻላል። የእህቴ ልጅም ነርስ ናትና ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ እያነበበች ታስረዳኛለች። ዛሬ የማቀርብላችሁ ከዚህ ሁሉ ያጠራቀምኩትን ነው። መድኃኒት ማዘዝ ግን የሐኪም ሥራ ስለሆነ፣ በዚያ በኩል ማንም "እሱ ብሎኛል" እንዳይል ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ርእሴ ማሳከክ ነው። "ለማሳከክ ነው እንዴ ንግግር የሚደረገው?" የሚል አይጠፋም። ትንሽ ታገሡኝ።

ከአባሎቻችን መካከል በአሁኑ ጊዜ በደም እጥበት የሚረዱ ሦስት ሰዎች አሉ። ስም አልጠራም። ባለፈው ክረምት በአንድ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ከነዚህ አንደኛው ክንዳቸውንና ጀርባቸውን ሲያኩ፣ አጠገባቸው የነበረ ሰው ወንበሩን ቀስ አድርጎ ሲያሸሽ አይቻለሁ። እሳቸውም አይተዋል። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ሲመጡ ከድንኳኑ በር ላይ ቆመው "እግዚአብሔር ያጥናችሁ" ብለው ይመለሳሉ እንጂ አይቀመጡም። ዕድር ማለት እኮ አብሮ መቀመጥ ነው፤ ሌላውማ ገንዘብ ማዋጣት ብቻ ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ የኩላሊት በሽተኛ ማሳከክ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ በመብላት አይተላለፍም፤ በመጨባበጥ፣ በአንድ ጋቢ በመጠቅለልም አይተላለፍም። በአማርኛችን እከክና ማሳከክ ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ስለሆኑ ሰው ያምታታቸዋል። እከክ የምትባለው በሽታ ቆዳ ውስጥ እየቆፈረች በምትኖር በጣም ደቃቅ ተባይ የምትመጣ ናት፤ በጣቶች መካከል ትገባለች፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ትሄዳለች፣ የቤቱን ሰው በሙሉ ታዳርሳለች። የኩላሊቱ ግን ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ሽፍታ ነው የሚጀምረው። በቆዳው ላይ የምናየው ጭረትና ቁስል ሰውየው ራሱ በጥፍሩ ያወጣው ነው። ጀርባን ይወዳል፤ ግራና ቀኙን እኩል ይይዛል፤ ሌሊት ይብሳል። እርግጥ የኩላሊት በሽተኛም እንደ ማንኛችንም እከክ ሊይዘው ይችላል። ቤተሰቡ ሁሉ አብሮ ማከክ ከጀመረ ሁሉም ለሐኪም መታየት ነው።

ማሳከክ ቀላል ነገር የሚመስለው ላላየው ሰው ነው። ወንድሜ እኩለ ሌሊት ተነሥቶ ጀርባውን ከበሩ መቃን ጋር ሲያሽ ስንት ሌሊት ሰምቼዋለሁ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ቀን ይነጫነጫል፤ ምግብ ያስጠላዋል፤ ኋላም "ይህ ኑሮ ይቅርብኝ" ማለት ይመጣል። በዚህ የሚቸገረው ደግሞ ጥቂት ሰው አይደለም። በብዙ አገሮች በእጥበት ላይ ካሉ በሽተኞች ተሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት፣ ከመቶው 37ቱ ማሳከኩ በመጠነኛ ደረጃ ወይም ከዚያ በላይ ያስቸግረናል ብለዋል። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሌላው ቁጥር ነው፤ ሁልጊዜ ወይም ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ከሚያሳክካቸው ውስጥ ከመቶ 17ቱ ለአንድም የጤና ባለሙያ አልተናገሩም። ይህ በሠለጠኑት አገሮች ነው። ይሉኝታ በበዛበት በእኛ ዘንድማ ስንቱ "እንዲህ ያለ ነገር ለሐኪም ይነገራል?" እያለ ዝም እንደሚል መገመት ነው።

ለምን ያሳክካል? ጤነኛ ሰው ጭብጥ ጭብጥ የሚያካክሉ ሁለት ኩላሊቶች አሉት። እነዚህ በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ አጣርተው፣ የሚጠቅመውን መልሰው፣ ሊትር ተኩል ሁለት ሊትር የሚሆነውን በሽንት ያስወግዳሉ። እነሱ ሲደክሙ ቆሻሻው ደም ውስጥ ይቀራል። ከቆሻሻው አንዱ ዩሪያ ይባላል። ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያ ማዳበሪያ ማለት ነው፤ ስሙ ብቻ ሳይሆን ነገሩም አንድ ነው። መጀመሪያ ስሰማ ነርሷ የምትቀልድብኝ መስሎኝ ነበር። ታዲያ የሚያሳክከው ዩሪያው ራሱ ነው ማለት አይደለም። ሐኪሞች ዩሪያን የሚለኩት ለመለካት ስለሚያመች ነው፤ እሱ ከወረደ ሌላውም ቆሻሻ ወርዷል ብለው ይገምታሉ። ማሳከኩን የሚያመጣው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ያልታጠበ ቆሻሻ አለ፣ የፎስፈረስ መብዛት አለ፣ የቆዳ መድረቅ አለ፣ የነርቭ መታወክም አለ። ቅድሚያ መጠየቅ ያለበት ግን "ደሙ በሚገባ እየታጠበ ነው ወይ?" የሚለው ነው።

ወደ ሰዓቱ ነገር ልምጣ። የተፈጥሮ ኩላሊት በሳምንት ውስጥ ያሉትን 168 ሰዓቶች በሙሉ ይሠራል፤ እሑድ የለው፣ በዓል የለው። በእጥበት ላይ ያለ ሰው በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት ቢታጠብ 12 ሰዓት ብቻ ነው። በአገራችን ደግሞ በዋጋው ምክንያት ብዙ ሰው የሚታጠበው ሁለት ቀን ነው፤ ይኸውም 8 ሰዓት ማለት ነው። የ168ቱን ሥራ በ8 ሰዓት! በመሣሪያው ውስጥ በደቂቃ 300 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያልፋል፤ አንድ የለስላሳ ጠርሙስ መሆኑ ነው። በአራት ሰዓት 72 ሊትር ይሆናል። በሰውነታችን ያለው ደም አምስት ሊትር ገደማ ስለሆነ፣ ያው ደም አሥራ አራት ጊዜ ያህል ይመላለሳል ማለት ነው። ለምን ይህን ያህል ይመላለሳል ብዬ ጠይቄ ነበር። ቆሻሻው ያለው ደም ውስጥ ብቻ ስላልሆነ ነው አሉኝ። ሥጋም አጥንትም ውስጥ ገብቷል፤ ደሙ ሲጠራ ከዚያ ቀስ እያለ ይወጣል። በተለይ ፎስፈረስ የሚባለው አይቸኩልም። መሣሪያውን ቢያፈጥኑትም እሱ በራሱ ጊዜ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ሰዓት ያጠረ እንደሆነ መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ከማሳከክ ጋር ስሙ ከሚነሣው ዋነኛው ነው።

መሣሪያውን በመጀመሪያ የሠራው ዊለም ኮልፍ የተባለ የሆላንድ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1943፣ በጦርነቱ መካከል፣ ለቋሊማ መጠቅለያ የሚያገለግለውን የሴሎፋን ቱቦ በእንጨት በርሜል ላይ ጠምጥሞ ደም አጣራበት። በ1945 አንዲት የ67 ዓመት ሴት በዚሁ ከሞት ተረፉ። በየሳምንቱ እየታጠቡ ዓመታት መኖር ግን የተጀመረው በ1960 አሜሪካ ውስጥ በሲያትል ከተማ ነው። ያን ጊዜ "ስንት ሰዓት ይበቃል?" የሚል ጥያቄ ተነሣ። በ1985 የወጣው መልስ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ ኬቲ በቪ ይሉታል። ኬ የማጣሪያው ኃይል ነው፤ ቲ ሰዓቱ ነው፤ ቪ በሰውየው ሰውነት ውስጥ ያለው ውሃ ነው። ኃይሉ በሰዓቱ ተባዝቶ ለውሃው ይካፈላል። ግዙፍ ሰው ብዙ ውሃ ስላለው ብዙ ሰዓት ይፈልጋል፤ ቀጭኑ ያንሰዋል። በሳምንት ሦስት ጊዜ ለሚታጠብ ሰው በእያንዳንዱ እጥበት ከ1.2 እንዳያንስ፣ 1.4ን ለመድረስ እንዲጣር ይላሉ።

ይህ ስሌት ለእኛ ቢከብድም ቀለል ያለ ሌላ አለ፤ እሱን በአራቱ መደብ ሒሳብ ማንም ይሠራዋል። ከእጥበት በፊትና በኋላ ዩሪያ ይለካል። ለምሳሌ በፊት 160 የነበረ በኋላ 56 ቢሆን 104 ወርዷል። 104 ለ160 ሲካፈል ከመቶ 65 ይሆናል። ልኩ ይህ ነው፤ ከ65 ማነስ የለበትም። 160 የነበረው 80 ላይ ከቆመ ግን ግማሹ ብቻ ነው የወረደው፤ ሰውየው ተኝቶ ዋለ እንጂ በሚገባ አልታጠበም። በየወሩ መለካት እንዳለበት መጽሐፎቹ ይናገራሉ።

ወንድሜ ቀድሞ ይታጠብበት በነበረው ቦታ ይህ ለስድስት ወር አልተለካለትም ነበር። ማሳከኩ ሲበረታበት የሚያሳክክ ቅባት ተሰጠው ልል ነው፤ ማለቴ የማሳከክ ቅባት፤ ምንም አልፈየደም። በኋላ ተለክቶ ሲመጣ ከ172 ወደ 79 ነው የወረደው። ወረቀቱ ጀርባ ላይ አካፈልኩት፤ 54 ወጣ። ሐኪሙ ሲመረምሩት በአንገቱ የገባው ቱቦ ጠቦ ደሙን በዝግታ ነበር የሚያሳልፈው። በክንዱ ላይ ፊስቱላ ተሠራለት፤ ይኸውም የደም ቅዳና የደም መልስ ሥሮችን በቀዶ ሕክምና የሚያገናኙት ነው። እስኪጠነክር ተጠብቆ በሱ መታጠብ ሲጀምር ከ165 ወደ 53 ወረደ፤ 68 ገደማ ሆነ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ማሳከኩ ጋብ አለ። ጠፋ አላልኩም፤ ጋብ አለ፤ ሌሊት መተኛት ጀመረ።

ስለ ፊስቱላ ካነሣሁ ለወንዶቹ አንድ ነገር ልናገር። ያ ክንድ የሰውየው የእስትንፋስ ገመድ ነው። የደም ግፊት አይለካበትም፣ መርፌ አይወጋበትም፣ ከባድ ነገር አይሸከምም። በቀብር ላይ "እስቲ ይችን ሳጥን ደግፍ" እያላችሁ አትጥሯቸው። ድንኳን ሲተከልም እንጨት አታሸክሟቸው።

አሁን የመዝገብ ቤት ሒሳብ ልሥራላችሁ። በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚታጠብ ሰው በእያንዳንዱ ቀን 15 ደቂቃ ቢያሳጥር በሳምንት 45 ደቂቃ ነው። በዓመት በ52 ሳምንት 39 ሰዓት ይመጣል። ይህ ወደ አሥር የሚጠጋ ሙሉ እጥበት ነው፤ ገንዘቡ ተከፍሎ የተጣለ። ሁለት ጊዜ የሚታጠበው በየጊዜው ግማሽ ሰዓት ቢያጎድል በዓመት 52 ሰዓት፣ ማለት 13 እጥበት ሄደ። ሰው ለምን ያሳጥራል? ታክሲ ያልቅብኛል ይላል። እግሩን ቁርጠት ይይዘዋል። ዘግይቶ ይደርስና ተረኛው ይጠብቃል ተብሎ በሰዓቱ ይነሣል። መሣሪያው እየጮኸ የቆመባቸው ደቂቃዎችም የሚተካቸው የለም።

ሌላው ምክንያት ከእኛ ነው የመጣው። ከሦስቱ አባሎቻችን አንደኛው የሁለተኛ ፈረቃ ናቸው፤ ከቀኑ አምስት ሰዓት ተኩል ገብተው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ይጨርሳሉ። ቀብር ዘጠኝ ሰዓት የሆነ እንደሆነ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ "ንቀሉኝ" ብለው ይወጣሉ። ለምን ቢባል ስም ሲጠራ ያልተገኘ ይቀጣል። ከገንዘቡ ይልቅ ደግሞ "ቀሪ" ተብሎ መጻፉ ያሳፍራል። ባለፈው ዓመት አራት ጊዜ እንዲህ አድርገዋል፤ የስም መጥሪያው መዝገብ በእጄ ስለሆነ አውቃለሁ። አራት ሰዓት ከሚሆነው እጥበት አንዱን ሰዓት፣ ሩቡን ማለት ነው፣ ለመቃብር ቦታ ስም ጥሪያ ከፈሉ። ያን ሌሊት እንዴት እንደሚያሳክካቸው ባለቤታቸውን ጠይቁ።

እውነቱን ለመናገር ብዙ ማጠብ ሁሉን ያድናል ማለት አይደለም። ልኩን ካለፉ በኋላ ሰዓትና ኃይል እየጨመሩ መሄድ ዕድሜ ይቀጥላል ወይ ተብሎ አሜሪካ ውስጥ በ1,846 ሰዎች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲወጣ ጎልቶ የታየ ልዩነት አልተገኘም። ማሳከኩም ቁጥሩ ልክ ከሆነ በኋላ የማይለቅበት ሰው አለ። ስለዚህ ከልኩ በታች ያለ ወደ ልኩ ይድረስ፤ እዚያ ደርሶ ካላቆመ ወደሌላው መሄድ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚታጠብ ሰው ደግሞ የቀረችውን ሽንት እንደ ብርቅ ይጠብቃት። ጥቂትም ብትሆን ኩላሊቱ ገና እየሠራ ነውና ብዙ ታግዛለች። ከየመድኃኒት ቤቱ የሚገዙት እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ይህችን የቀረች ኃይል ይጎዳሉ። "ወገቤን አመመኝ" ብሎ ገዝቶ መዋጥ አይገባም።

ወደ ፎስፈረስ ልመለስ። ይህ በምግብ የሚገባ ነው፤ ወተት፣ አይብ፣ ሥጋ፣ ኦቾሎኒ ውስጥ ብዙ አለ። በጥራጥሬም አለ፤ ነገር ግን የጥራጥሬው ሙሉ በሙሉ ወደ ደም አይገባም። የከፋው በፋብሪካ ምግብና በጥቁሩ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ የሚጨመረው ነው፤ እሱ ሳይቀር ነው ለማለት በሚያስችል ደረጃ ይገባል። በለቅሶም በተዝካርም ቤት ለበሽተኛው "ለስላሳ ይሰጠው፤ እሱ አይጎዳውም" እየተባለ ጥቁሩ ይከፈትለታል። ውሃ ስጡት፤ እሱም በልክ ነው። ሐኪሞች ፎስፈረሱን የሚይዝ ክኒን ያዛሉ፤ ካልሲየም ካርቦኔት የሚባል አለ፣ ሴቬላመር የሚባልም አለ። የዚህ ክኒን ነገር እንደሌላው አይደለም። ሥራው ምግቡ ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ ሆድ ውስጥ ይዞ ማስቀረት ስለሆነ ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። ጧት በባዶ ሆድ ከሌሎቹ ክኒኖች ጋር አብሮ የሚውጠው ሰው ገንዘቡን ዋጠ።

ፎስፈረስ ብዙ ጊዜ ከበዛ በአንገት ውስጥ ያሉ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ አራት ዕጢዎች ያብጣሉ፤ ፓራታይሮይድ ይባላሉ። እነሱም አጥንቱን ይቦረቡራሉ፤ ማሳከክም ያባብሳሉ ይባላል። ይህን የሚያውቁት በደም ምርመራ ነው።

ቆዳውን በሚመለከት እናቶች ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። የኩላሊት በሽተኛ ቆዳ ላቡ ስለሚያንስ እንደ በጋ መሬት ይደርቃል። በሚያቃጥል ውሃ መታጠብ ለጊዜው ደስ ይላል፤ በኋላ ያብሳል። ለብ ባለ ውሃ፣ ብዙ ሽታ በሌለው ሳሙና ታጥቦ፣ ገላው ሳይደርቅ ቫዝሊን ወይም ግሊሰሪን መቀባት ነው። ጥፍር ይቆረጥ። ከገላ ቀጥሎ የሚለበሰው የሱፍ ሹራብ ሳይሆን ጥጥ ይሁን፤ ነጠላና ጋቢ የታደልን ሕዝብ ነን። ላምባ የሚቀባ ሰውም አይቻለሁ፤ የተቧጨረ ቆዳ ላይ ላምባ ምን እንደሚያደርግ መናገር አያሻኝም።

ከመድኃኒት ቤት "የአለርጂ" እየተባለ የሚገዛው ክኒን ያስተኛል እንጂ ይህን ዓይነት ማሳከክ ብዙ አያስታግስም። ለነርቭ ሕመም የሚሰጥ ጋባፔንቲን የተባለ መድኃኒት አለ፤ ብዙዎችን ረድቷል። ነገር ግን ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ሐኪም ጥቂት መጠን ብቻ፣ ከእጥበት በኋላ ነው የሚያዘው። ለጤነኛ ሰው የታዘዘውን ከጎረቤት ተውሶ የሚውጥ ሰው ይዞርበታል፣ ይቃዣል፣ ይወድቃል። ለዚሁ ማሳከክ ተብሎ የተሠራ ዲፈሊከፋሊን የሚባል መርፌም እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል፤ በእጥበቱ መጨረሻ በዚያው ቱቦ ይሰጣል።

ስለ ጠበልም ይነሣል። ጠበል መሄድን የምከለክል ሰው አይደለሁም፤ እኔም እሄዳለሁ። ሆኖም የእጥበት ቀን መዝለል የለበትም። ሽንት የማይሸና ሰው ደግሞ ብዙ ሊትር ውሃ በአንድ ጊዜ ከጠጣ ውሃው ሳንባው ላይ ይወጣና ያፍነዋል። ጥቂት ቀምሶ በቀረው መጠመቅ እንደሚቻል ካህናቱም የሚነግሩን ነው።

ንቅለ ተከላስ የሚል ካለ፣ በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተሠርቷል፤ የሚስማማ ዘመድ ላገኘ ትልቅ ነገር ነው። ሁሉም ግን አያገኝም፤ ያላገኘው በእጥበቱ ነው የሚኖረው።

አሁን ሁለት ነገር ለጉባዔው አቀርባለሁ።

አንደኛው ደብተር ነው። ለወንድሜ የማዝለትን ዓይነት ሦስት ደብተሮች አስምሬ አምጥቻለሁ። ዓምዶቹ እነዚህ ናቸው፤ ቀን፣ የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓት፣ ከእጥበት በፊት ክብደት፣ ከእጥበት በኋላ ክብደት፣ በወሩ የተለካው ዩሪያና ፎስፈረስ፣ የመጨረሻው ዓምድ ደግሞ ማሳከክ ከአሥር ስንት። በሽተኛው ራሱ ቁጥር ይሰጣል፤ ዜሮ ማለት የለም፣ አሥር ማለት የማይቻል ነው። ሐኪም ፊት ቀርቦ "ትንሽ ያሳክከኛል" ከማለት፣ ደብተሩን ከፍቶ "ሰዓቴ ባጠረበት ሳምንት ሰባት፣ ሙሉ በታጠብኩበት አራት" ብሎ ማሳየት ይለያል። ወንድሜን የሚያክሙት ሐኪም አሁን አሁን ገና ሲገባ "ደብተሩ የታል?" ነው የሚሉት።

ሁለተኛው የመተዳደሪያ ደንባችን ጉዳይ ነው። ስለ ቀብር መቅረት በሚናገረው አንቀጽ ሥር አራስና ከከተማ የወጣ ሰው ከመቀጮ ነፃ ናቸው፤ የታመመም ሰው የሐኪም ወረቀት ካቀረበ ነፃ ነው። በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን የሚታከም ሰው በየቀብሩ ወረቀት ማምጣት አይችልም፤ ቢችልም እንደ ልመና ይቆጥረዋል። ስለዚህ የሚከተለው እንዲጨመር ሐሳብ አቀርባለሁ፤

"የደም እጥበት የሚያደርግ አባል የእጥበት ቀኖቹን በዓመት አንድ ጊዜ ለዕድሩ ጸሐፊ ያስመዘግባል። በተመዘገቡት ቀኖች ለሚውል ቀብር እሱም አስታማሚውም እንደ ተገኙ ይቆጠራሉ።"

"እንደ ተገኙ ይቆጠራሉ" ያልኩት አስቤ ነው፤ "ይቀጣሉ አይቀጡም" የሚለው ቃል እንዳይነሣ ነው። ከኮሚቴው ውስጥ "ለአንዱ በር ከተከፈተ ሁሉም ይወጣበታል" የሚል አስተያየት እንዳለ ሰምቻለሁ። ለዚህ መልሴ፣ የእጥበት መርፌ ሁለት ነው፣ ውፍረቱም የስፌት መርፌ አይደለም፤ ከቀብር ለመቅረት ብሎ እሱን የሚወጋ አባል የለንም። ገንዘብ ቢጨመርላቸው የሚለውን ሐሳብ ደግሞ ኮሚቴው በጀቱን ዓይቶ ይወስን። እኔ በበኩሌ፣ ሰው ሲሞት ከምናወጣው ላይ ጥቂቱ በሕይወት ሳለ ለሦስተኛው የእጥበት ቀን ቢውል የሚከፋው አባል አለ ብዬ አላስብም፤ ነገር ግን የዛሬው ጥያቄዬ ያለ ገንዘብ የሚሆነው ነው።

ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ። ደብተሮቹ ጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ የሚመለከታቸው ሲወጡ ይውሰዱ፣ ለማይጽፉትም ልጆቻቸው ይጻፉላቸው።